ትሕትና የማን ዕዳ ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እነሆ ዘወረደን፣ ቅድስትን፣ ምኩራብን፣ መጻጉዕን፣ ደብረ ዘይትን፣ ገብር ኄርንና ኒቆዲሞስን አልፈን ወደ ሆሳዕና ተቃርበናል። ከ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀኖች አብዛኞቹ አልቀው ከፊታችን ያለው ሰሙነ ሕማማት ነው። በዚህ ወቅት በዐውደ ምሕረቱም ሆነ በጉባኤያችን ደጋግመን የምንሰማው፣ እኛም በየጽሑፋችን ደጋግመን የምናነሣው አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ትሕትና» የሚለው ቃል ነው። እኔም በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለዚሁ ቃል ጥቂት ለማለት ተነሥቻለሁ። ይሁን እንጂ ትሕትና መልካም መሆኑን ለማስረዳት አይደለም፤ ይህንንስ ሁላችንም ተቀብለነዋል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለመሆኑ ትሕትና የማን ዕዳ ነው? ዝቅ እንዲል የሚጠበቅበትስ ማን ነው? ከፍ ብሎ የተቀመጠው ነው ወይስ ቀድሞውንም መሬት ላይ ያለው?

መልሱ የታወቀ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ኑሯችንን ስንመረምር በአፋችን የምንመልሰው ሌላ፣ በቤታችን የምንሠራው ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህንንም የምለው በሌላው ለመፍረድ ሳይሆን በራሴ ስለ ደረሰብኝ ነው።

በጸሎተ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያናችን የምትፈጽመውን ሥርዐት ሁላችንም እናውቃለን። ውኃ ይቀርባል፤ ይጸለይበታል፤ ከዚያም ካህኑ ዝቅ ብለው የካህናቱንና የምእመናኑን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ያጥባሉ። ይህም ዮሐንስ ወንጌላዊ በምዕራፍ 13 የጻፈልንን፣ ጌታችን በመጨረሻይቱ ሌሊት ለደቀ መዛሙርቱ ያደረገውን ለማስታወስ ነው። በዚያ ዘመን ሰው የሚጓዘው በክፍት ጫማ፣ በአቧራ መንገድ ነበር። እንግዳ ወደ ቤት ሲገባ ጐንበስ ብሎ እግሩን የሚያጥበው የቤቱ አገልጋይ ነበር። በዚያች ሌሊት ግን በማዕዱ ላይ ከነበሩት ሁሉ የሚበልጠው ተነሥቶ፣ ልብሱን አኑሮ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የአገልጋዩን ሥራ ሠራ። ጴጥሮስ የተቃወመውም ስለዚህ ነበር፤ ነገሩ የተገለበጠ ሆኖ ታይቶት ነበርና። ልብ እንበል፤ እግራቸውን ከታጠቡት መካከል ይሁዳም ነበረ።

ይህ ቀን ብዙ ስም አለው። ሕጽበተ እግር፣ የምሥጢር ቀን፣ የሐዲስ ኪዳን ሐሙስ፣ የነጻነት ሐሙስም ይባላል። ከነዚህ ስሞች ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ነው። ጌታችን በዚያው ሌሊት ለደቀ መዛሙርቱ ከእንግዲህ በባሪያ ስም ሳይሆን በወዳጅ ስም እንደሚጠራቸው ነግሯቸዋል። እንግዲህ እግር የታጠበበት ሐሙስና ነጻነት የታወጀበት ሐሙስ አንድ ቀን ነው ማለት ነው። አጣቢው ዝቅ ያለው ታጣቢው ቀና እንዲል ነው።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመጻፍ ባልተነሣሁ ነበር። የሆነውን ልናገር።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ የምኖረው በአክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ደግ ሴት ናቸው፤ ይህን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል። ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ነዳያንን አይረሱም፤ እኔንም እንደ ልጃቸው ያስጠጉኝ እርሳቸው ናቸው። በቤቱ ውስጥ አንዲት ሠራተኛ አለች። በዕድሜ ከእኔ በሁለት ዓመት ብታንስ ነው። ከገጠር ከመጣች ያን ጊዜ ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ይህን ለመጻፍ ፈቃዷን ጠይቄያለሁ፤ «ስሜን ብቻ አይጻፉት» ብላኛለችና ስሟን አልጠራም።

ባለፈው ዓመት በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን የተመለስሁት ሲመሻሽ ነበር። እግራቸውን ከታጠቡት ወጣቶች አንዱ እኔ ነበርሁ። ያጠቡኝ ካህን ሽማግሌ አባት ናቸው፤ ወገባቸውን ደግፈው በጭንቅ ጐንበስ ሲሉ ባየሁ ጊዜ ዕንባዬ መጣ። በመንገድም ላይ ከጓደኞቼ ጋር ስለዚሁ ስንነጋገር መጣን፤ እኔም ስለ ትሕትና ብዙ ተናገርሁ። ቤት ደርሼ ወንበር ላይ ዐረፍ አልሁ። ልጅቱ እንደ ልማዷ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ይዛ መጣች፤ ተንበርክካም የመንገዱን አቧራ ከእግሬ ታጥብ ጀመር። እኔም እንደ ልማዴ እግሬን ዘረጋሁላት። እያጠበችኝ ሳለች ቀና ሳትል እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፤

«ጋሼ፣ በአገራችን ዛሬ ቄሱ የሰው እግር ያጥባሉ። እዚህም ያጥባሉ እንዴ?»

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን በትክክል ለመግለጽ ያስቸግረኛል። ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታችን የዐሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ልጅቱ ሦስት ዓመት በዚህ ቤት ስትኖር ሦስት ጸሎተ ሐሙስ አልፏል። ሦስቱንም ቀን ጉልባኑን ቀቅላ፣ ቤቱን ጠርጋ፣ እኛ ከሥርዐቱ እስክንመለስ ጠብቃለች እንጂ ሥርዐቱ መኖሩን እንኳ አላወቀችም። እኔም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ እግሬን ታጠብሁ፤ አንደኛው አስለቀሰኝ፣ ሁለተኛውን ግን ሥራዬም አላልሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ማታ ማታ፣ ይህንኑ ሳላስተውል እግሬን ዘርግቼ ኖሬያለሁ።

ደንግጬ ተነሣሁና ሳፋውን ከእጇ ልቀበል ሞከርሁ። «ዛሬስ እኔ ልጠብሽ» አልኋት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን ፊቷ ተለዋወጠ፤ ወደ በሩም ተመለከተች። «ጋሼ፣ በእመቤቴ ይተዉኝ፤ እትዬ ካዩ እኔን ነው የሚቆጡኝ» አለች። እኔ ለራሴ ትሕትና ስል የማደርገው ነገር ለእርሷ ጭንቀት ሆነባት። ጥቂት ዝም ካልን በኋላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፤ «የሚረዱኝ ከሆነ ይልቅ ነገ ስቅለት ነው፤ እትዬን ያስፈቅዱልኝ። ከመጣሁ አንድም ስቅለት አልሰገድሁም።»

አክስቴን በዚያው ማታ ጠየቅኋቸው። የመለሱልኝ ያለ ክፋት ነበር። «ነገ እኮ ውኃ የሚመጣበት ቀን ነው፤ ማን ይቀዳል? ቤቱንስ ማን ይጠብቃል? ደግሞም እግዚአብሔር በሁሉም ቦታ አለ፤ እዚሁ ሆና ትጸልይ» አሉ። ቀጥለውም እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣውን ቃል ተናገሩ፤ «እርሷ እንደሆነች ትሑት ልጅ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ፈቃድ ጠይቃኝ አታውቅም።»

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የተወለደው ከዚህ ቃል ነው። ያቺ ልጅ ሦስት ዓመት ያልጠየቀችው ትሑት ስለሆነች ነው ወይስ ብትጠይቅ እንደማይፈቀድላት ስላወቀች? ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። በሁለቱም አንገት ይደፋል፤ በሁለቱም ድምፅ ዝቅ ይላል። በውስጣቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ትሕትና ማለት ቀና ብሎ መቆም የሚችል ሰው ስለ ፍቅር ሲል በፈቃዱ ጐንበስ ማለቱ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 2 ስለ ክርስቶስ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው፤ የአምላክ መልክ ያለው እርሱ በፈቃዱ የአገልጋይን መልክ ያዘ፤ ማንም አላስገደደውም። ሰው የሚሰጠው ያለውን ነውና፣ ክብር ያለው ክብሩን ሲሰጥ ትሕትና ይባላል። ክብሩን ሌላው ሲወስድበት ግን ስሙ ሌላ ነው፤ ውርደት ይባላል። የወሰደው ሰው ደግሞ ተመልሶ ያንኑ ውርደት «ትሕትና» ብሎ ሲያመሰግነው ከመውሰድም የባሰ በደል ይሆናል።

ይህን ስል ድኻው ትሑት ሊሆን አይችልም ማለቴ አይደለም። ድኻም ቢሆን የሚሰጠው ነገር አለው፤ መናቅ ሲችል ያለ መናቅ፣ መፍረድ ሲችል ያለ መፍረድ አለ። ምናልባትም ያቺ ልጅ በእግዚአብሔር ፊት ከሁላችን ይልቅ ትሑት ትሆን ይሆናል። እኛ ግን ይህን ልናውቅ አንችልም። ምክንያቱም እንቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ሲል ከልቡ ይሁን ከፍርሃቱ ማን ያውቃል? ትሕትናዋን እንድናውቅላት አስቀድመን ቀና የምትልበትን ስፍራ ልንሰጣት ይገባል።

የጌታችንን ሕማማት በማስተዋል ያነበበ ሰው ትሕትናና ዝምታ ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ይገነዘባል። በሊቀ ካህናቱ ፊት በቆመ ጊዜ ከሎሌዎቹ አንዱ በጥፊ መታው። ጌታችን አልተበቀለም፤ ነገር ግን ዝም ብሎም አላለፈም። ክፉ ተናግሮ እንደሆነ እንዲያስረዳው፣ እውነት ተናግሮ እንደሆነ ግን ስለ ምን እንደሚመታው ጠየቀው። ይህ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ይገኛል። እንግዲህ መከራን በፈቃዱ የተቀበለው እርሱ እንኳ ግፍን ግፍ አይደለም አላለም። መስቀሉን መሸከሙ ሰቃዮቹን ጻድቃን አላደረጋቸውም።

በአገራችንም ለዚህ ምስክር አለን። በሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስት ወታደሮች ጥይት የተገደሉት አቡነ ጴጥሮስ በትሕትና ሥርዐት የኖሩ መነኵሴ ነበሩ። አርበኞቹን እንዲያወግዙና ሕዝቡ ለወራሪው እንዲገዛ እንዲሰብኩ ሲጠየቁ ግን እንቢ አሉ። በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ጐንበስ ማለትን የሚያውቁ አባት በግፍ ፊት ጐንበስ ማለትን እንቢ ብለው ሞቱ። እንቢታቸው ከትሕትናቸው የወጣ ነው እንጂ ትሕትናቸውን የሚቃረን አይደለም፤ ራሱን የሚወድድ ሰው እሺ ብሎ በዳነ ነበርና።

እዚህ ላይ ከእናንተ አንዳንዶቹ «ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ትዕግሥትን አታስተምርም ወይ? ኢዮብ አልታገሠም ወይ? አልዓዛርስ በባለጸጋው ደጅ ተኝቶ አልታገሠም ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። መከራ የደረሰበት ሰው መከራውን ከክርስቶስ መከራ ጋር አስተባብሮ ሲሸከመው ጸጋ ይሆንለታል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ትዕግሥት ሕመምተኛው ራሱ የሚወስደው መድኃኒት ነው። ያቆሰለው ሰው ቆሞ የሚያዝዘው ሲሆን መድኃኒትነቱ ይቀርና «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው ይሆናል። አልዓዛር መታገሡ በአብርሃም እቅፍ አኖረው፤ የአልዓዛር መታገሥ ግን ባለጸጋውን አላዳነውም። እንዲያውም የተፈረደበት ያ ታጋሽ ሰው በደጁ ሳለ አይቶ በማለፉ ነው።

የመጻጉዕንም ሰንበት እናስታውስ። ያ ሰው 38 ዓመት በአልጋው ላይ ተኝቶ ነበር። ጌታችን ወደ እርሱ በመጣ ጊዜ ስለ ትዕግሥት ስብከት አልሰበከለትም፤ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው። ሰውየውም የመለሰው ስለ ሕመሙ አልነበረም፤ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደ ሌለው ነበር የተናገረው። ወንድሞቼ፣ ይህን ስንሰማ በየቤታችን «ሰው የለኝም» የሚል ማን እንዳለ ጠይቀን እናውቃለን? 38 ዓመት አያስፈልግም፤ ሦስት ዓመትም ይበቃል።

የቀደሙት መጻሕፍትም በዚህ ነገር ዝም አላሉም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 የሰንበት ሕግ ሲሰጥ የቤቱ ጌታ ብቻ ሳይሆን ሎሌውና ገረዱም እንደ እርሱ እንዲያርፉ ታዝዟል። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 በጾማቸው ቀን የራሳቸውን ፈቃድ እየፈጸሙ ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁትን ሰዎች ይወቅሳል፤ ራስን እንደ ደንገል ማቀርቀርና ማቅ ማንጠፍ ብቻውን ጾም እንደማይባል ያስተምራል። ይህን ምዕራፍ በጾም ወራት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜም ስለ ሌሎች ሰዎች የተጻፈ ይመስለኝ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። እኅቶቻችን ወደ ቤሩት፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ለቤት ሠራተኛነት ሲሄዱ ስለሚደርስባቸው መከራ በሰማን ቁጥር እናለቅሳለን፤ እንቈጣለን፤ ዕረፍት እንደሚነፈጉ፣ ከቤት እንዳይወጡ እንደሚከለከሉ፣ ደሞዛቸው እንደሚቀር እየተነጋገርን አሠሪዎቹን አረመኔ እንላቸዋለን። ለቅሷችን እውነተኛ ነው። ነገር ግን በቤሩት ስትከለከል ግፍ የምንለው ነገር በእኛ ቤት ስትከለከል ስለ ምን ሥርዐት ሆነ? እዚያ «ታሰረች» የምንላት ልጅ እዚህ ስለ ምን «ጨዋ» ተባለች?

በሰሙነ ሕማማት የይሁዳን አሳሳም አስበን ሰላምታ እናስቀራለን፤ አንጨባበጥም፤ አንሳሳምም። ፋሲካ ሲሆን ግን በየቤቱ ተቃቅፈን «እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ» እንባባላለን። በዚያው ሌሊት ነገሩን ሳስበው በቤታችን በፋሲካም ቢሆን ልጅቱን ተቃቅፎ የሳመ ሰው እንዳላየሁ ትዝ አለኝ። ሌላው ሰው የሕማማትን ሥርዐት በዓመት አንድ ሳምንት ይጠብቃል፤ ለእርሷ ግን ዓመቱ በሙሉ ሕማማት ነበር።

ወደ ስቅለት ልመለስ። አክስቴን «ውኃውን እኔ እቀዳለሁ፤ ቤቱንም እኔ እጠብቃለሁ» አልኋቸው። «አንተ? በስቅለት ቀን? የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሆነህ ከቤት ስትውል ሰው ምን ይላል?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ያሳሰበኝ ይኸው ነበር። በየዓመቱ ከምሰግድበት ቦታ ስጠፋ ጓደኞቼ ምን ይሉ ይሆን? ብዙ ከተነጋገርን በኋላ አክስቴ ደስ ሳይላቸው እሺ አሉ። ልጅቱ ዓርብ ማለዳ ነጠላዋን አጥባ አድርቃ ነበርና ለብሳ ሄደች።

ያን ቀን እንዴት እንደ ዋልሁ ብነግራችሁ ትሰለቻላችሁ። ቤት ጠረግሁ፤ ዕቃ አጠብሁ፤ ውኃው ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ መጣና በርሜሉንና ጀሪካኖቹን ሞላሁ። ጸሎቱ በድምፅ ማጉያ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር። ሕዝቡ «ኪራላይሶን» እያለ ሲሰግድ ሰማሁ፤ እኔም በጓሮ በኩል ጥቂት ሰገድሁ። ነገር ግን በዚያን ቀን የተማርሁት ስለ ራሴ ነው። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ልቤ ማጕረምረም ጀመረ። ሥራው ስለ ከበደኝ አልነበረም፤ ስግደት ከዚያ ይልቅ ያደክማል። ያስቸገረኝ ማንም ስላላየኝ ነው። በሌሎቹ ዓመቶች ስሰግድ ከፊቴም ከኋላዬም ሰው ነበረ፤ በስግደቴ ብዛት ከጓደኞቼ ጋር በስውር እንወዳደር ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ከስግደቴ ስንቱ ለእርሱ፣ ስንቱ ለሰው ዐይን እንደነበረ ያን ቀን በጓሮ ብቻዬን ሆኜ ተገለጠልኝ።

ሲመሽ ልጅቱ ተመለሰች። ግንባሯ ላይ አፈር ነበረ። በመጨረሻው ሰዓት ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባዋን ጠብጥበው ስግደት እንዳዘዙላትና ፈጽማ እንደመጣች ነገረችን። ጉልበቷ ዝሎ ነበር፤ ፊቷ ግን በዚያ ቤት አይቼው የማላውቀው ፊት ነበር። ወደ እኔም መለስ ብላ «ጋሼ፣ በእርስዎም ፈንታ ሰግጃለሁ» አለችኝ። ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፋኝ። እኔ አንድ ቀን የሰጠኋት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሰጪዋ እርሷ ነበረች። መምረጥ በቻለችበት በመጀመሪያው ቀን የመረጠችው ስለ ሌላ ሰው መስገድን ነው። የእውነት ትሕትናዋንም ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሦስት ዓመት በዝምታዋ ሳይሆን በዚያች ዕለት በፈቃዷ።

ታሪኩን በዚህ ብፈጽመው ደስ ባለኝ ነበር። ግን እውነቱን ሁሉ መናገር አለብኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እሑድ እሑድ ቅዳሴ ታስቀድሳለች፤ አክስቴ ይህን ፈቅደውላታል፤ ባለፈው ፋሲካም ሌሊት ከቅዳሴ ስንመለስ ጉንጯን ሳሟት። እግሬን ራሴ እታጠባለሁ። ደሞዟ ግን ያው ነው፤ የምትተኛውም እዚያው ኩሽና ውስጥ ነው። ስለ ደሞዟ ለአክስቴ ለመናገር ደጋግሜ አስቤ ደጋግሜ ተውሁት። እኔም የእርሳቸውን እንጀራ የምበላ ነኝና አፌ ይያዛል። ይህንንም ዝምታዬን «ለታላላቅ አክብሮት ነው፣ ትሕትና ነው» እያልሁ ራሴን ሳጽናና ያዝሁት። እንግዲህ የአክስቴ ቃል በእኔም አፍ እንዳለ ታያላችሁ፤ ፍርሃቴን ትሕትና ብዬ ጠራሁት። በዚያች ሌሊት ጴጥሮስን ያስካደችው የጦር ሠራዊት አልነበረችም፤ በግቢው ውስጥ የነበረች አንዲት ገረድ ናት የጠየቀችው። በማታው እግሩን የታጠበ ሰው ሌሊቱ ሳይነጋ ፈራ። የታጠበ እግር ሁሉ የተማረውን መንገድ ይሄዳል ማለት አይደለም። ጴጥሮስ ግን አለቀሰ፤ ተመለሰም። ይህ ጽሑፍ ታትሞ ከመውጣቱ በፊት ለአክስቴ ራሴ አነብላቸዋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ መልካም ነገር ሰምቶ መለያየት ብቻ እንዳይሆን ለመጪው ሳምንት ሦስት ነገር ላሳስብ።

አንደኛ፣ እያንዳንዳችን በየቤታችን በጸሎተ ሐሙስና በስቅለት ከቤት የሚቀረው ማን እንደሆነ እንጠይቅ። ሠራተኛዋ ናት? ዘበኛው ነው? ታማሚ የምታስታምም እናት ናት? «ሄደሽ መስገድ ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብለን በግልጽ እንጠይቅ፤ መልሷንም ከፍርሃቷ ለይተን እንስማ።

ሁለተኛ፣ የምንችል ሁሉ በየተራ ከቤት ቀርተን የሌላውን ሥራ እንሥራ። ይህን ስናደርግ ግን ለታይታ አይሁን። እኔ ሳፋውን ከእጇ ለመንጠቅ በሞከርሁ ጊዜ የፈለግሁት የራሴን ልብ ማስደሰት ነበር፤ እርሷ የምትፈልገውን ያወቅሁት ከጠየቅኋት በኋላ ነው። ትሕትና ከጎንበስታ በፊት ጆሮን ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ ከፋሲካ በኋላ ነገሩ እንዳይረሳ ስለ ዕረፍት ቀን፣ ስለ ደሞዝና ስለ መኝታ በየቤታችን በአክብሮት እንነጋገር። አንድ ቀን ማስገደድ የማይገባውን ሰው ዓመቱን ሁሉ ማስገደድ አይገባምና።

በመጀመሪያ «ትሕትና የማን ዕዳ ነው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። የጸሎተ ሐሙስ መልስ ግልጽ ነው፤ ዕዳው የሚጀምረው ከላይ ነው። ጌታችን ዝቅ ያለው እኛ ዝቅ ያሉትን ይበልጥ እንድንጫናቸው አይደለም። ስለ ትሕትና ለመስበክ ስንዘጋጅ አስቀድመን ወለሉ ላይ ማን ተንበርክኮ እንዳለ እንመልከት፤ ምናልባት ስብከቱ የሚያስፈልገው ለተንበረከከው ሳይሆን ወንበሩ ላይ እግሩን ለዘረጋው ይሆናል።

ሰሙነ ሕማማቱን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ሁላችንንም ያድርሰን፤ ከቤት የሚቀሩትንም ጭምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።